የሚተነፍስ ቸርኬ

ኢንጂነር ቴዶልዲን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አልወደድኩትም፤ ዛሬም አልወደውም። ሾርባ ሲጠጣ ድምፅ ያሰማል፣ ሰው ሲያናግረው ጫማውን ያያል። የዚያን እሑድ ነገር ስናገር ግን የእሱን ድርሻ አልሰርቅበትም። መስረቅ አልተማርኩም። ሌላም ብዙ ነገር አልተማርኩም፤ ትምህርት ቤት የሄድኩት ሁለት ክረምት ብቻ ነው፣ እሱንም የክፍሉ ምድጃ ስለሚሞቅ ነው።

የእኛ ቤት ብረታ ብረት ማቅለጫ ነው። ባሌ ኦሬስቴ ከጦርነቱ በኋላ ሜዳ ላይ የወደቁ አውሮፕላኖችን ቁርጥራጭ እየለቀመ ጀመረው። መጀመሪያ ድስት፣ ቀጥሎ የሞተር ሳይክል ዕቃ፣ በመጨረሻ የእሽቅድምድም መኪና ቸርኬ። እሱ ሲሞት ትልቁ ልጄ ኤርሜስ ተረከበ። ኤርሜስ ቸርኬ ይሠራል፣ ትንሹ ልጄ ሎሪስ ይነዳበታል፤ ማለት ይሰብረዋል።

መኪና የማያውቅ ሰው እሽቅድምድም ማለት መሮጥ ይመስለዋል። መሮጥ ማንም ይሮጣል። ችግሩ መቆም ነው። ፍሬን በተያዘ ቁጥር ከጎማው ጋር የሚሽከረከረው ዲስክ ይግላል፤ ዲስኩ ሲግል የፍሬን ሸራው መንከስ ይተዋል፤ ከዚያ የፍሬን ዘይቱ ይፈላል፣ ፔዳሉን ስትረግጠው ትራስ የረገጥክ ይመስልሃል። በዚህ ምክንያት የሞቱ ልጆች አውቃለሁ፤ እናቶቻቸውንም አውቃለሁ።

ቴዶልዲ ከቶሪኖ ከተማ ይዞት የመጣው ሐሳብ ዲስኩንና ቸርኬውን እንደ ባልና ሚስት አብረው ማሠራት ነበር። ዲስኩ አንድ ድፍን ብረት መሆኑ ቀርቶ ሁለት ስስ ሳህን ሆነ፣ በመሃላቸው የታጠፈ ቦይ ያለው። ሲሽከረከር ከመሃሉ አየር ይስብና በጠርዙ ይተፋል። ቸርኬው ደግሞ ከውስጥ በኩል የተጋደሙ ክንፎች አሉት፤ ዲስኩ የተፋውን ትኩስ አየር ተቀብለው በፊት ለፊቱ ቀዳዳዎች ወደ ውጭ ይገፉታል። ኤርሜስ «ቸርኬው ይተነፍሳል» ይል ነበር። እውነትም ከውጭ እጅህን ብታስጠጋ የበሬ ትንፋሽ ይመስላል።

ክንፎቹ የተጋደሙ ስለሆኑ ግን የግራው ለግራ ብቻ፣ የቀኙ ለቀኝ ብቻ ነው። ብታቀያይራቸው ትንፋሹ ይገለበጣል፤ ቸርኬው የውጭውን አየር ወደ ውስጥ ይገፋል፣ ዲስኩ ወደ ውጭ ይተፋል፣ ሁለቱ ይፋጠጡና ሙቀቱ መሃል ላይ ታፍኖ ይቀራል። ከፊት ስታያቸው ደግሞ አይለዩም፤ ክንፉ ከኋላ ነው፣ የሚታይህ ቀዳዳ ያለው ክዳን ብቻ ነው። ስለዚህ ከምድጃ በወጡበት ተራ ቁጥር እየመታንባቸው ጎዶሎው፣ ማለት አንድ፣ ሦስት፣ አምስት፣ ለግራ፤ ሙሉው፣ ማለት ሁለት፣ አራት፣ ስድስት፣ ለቀኝ ይታሰራል።

ያን ጊዜ በየሰኔው በሳን ፔላጆ የሚካሄድ እሽቅድምድም ነበር። የአገር መንገድ ተዘግቶ የሚሮጥበት ነው። ከከተማው ይወጣል፣ የተራራውን ጫፍ ተከትሎ ይሄዳል፣ ከዚያ በረጅሙ ቁልቁለት እስከ ወፍጮው ይወርዳል። ወፍጮው ጋ መንገዱ እንደ ክርን ይታጠፋል፤ ከኩርባው ፊት ለፊት የወፍጮው የድንጋይ ግድግዳ፣ ግድግዳው ፊት የጭድ እስር ተደርድሯል። መኪኖች ነዳጅ ሊሞሉና ጎማ ሊቀይሩ የሚገቡበት ቦታ ከኩርባው እንደወጡ፣ ወደ ከተማው የሚመልሰው ዳገት መጀመሪያ ላይ ነው። እኛም እዚያ ነበርን።

እስከ ግማሹ ድረስ ሎሪስ ሁለተኛ ነበር፣ ከፊቱ ወዳለው የቦሎኛ ልጅም እየቀረበ ነበር። ለነዳጅ ገባ። ኤርሜስ ነዳጁን ሲሞላ ቱሊዮ የፊት ሁለቱን ጎማዎች ከነቸርኬያቸው ቀየረ። ቱሊዮ ከብሬሻ የመጣ፣ እኛ ዘንድ ወር ያልሞላው መካኒክ ነው፤ እጁ ፈጣን፣ አፉ ከእጁ የፈጠነ። መኪናው በክሪክ ተነሣ፣ የመሃሉ ትልቅ ዳዶ በመዶሻ ተፈታ፣ አሮጌው ጎማ ወጣ፣ አዲሱ ገባ፣ ዳዶው ታሰረ። ሎሪስ እየጮኸ ወጣ።

«ጸጉር አስተካካይ እንኳ እንዲህ አይፈጥንም» አለ ቱሊዮ እጁን እየጠረገ።

«ጸጉር አስተካካይ ሲሳሳት ጸጉሩ ያድጋል» አልኩት። ምንም አስቤ አልነበረም፤ ሰው ራሱን ሲያወድስ ዝም ማለት ስለማልችል ነው።

ጥቂት ዙር ቆይቶ ሎሪስ ወደ ወፍጮው ሲወርድ ጎማው ተንጫጫ። በቀጣዩ ዙር ደግሞ ከኩርባው ሰፍቶ ወጣ።

«ደክሞታል» አልኩ።

«ምን ይደክመዋል፣» አለ ኤርሜስ፣ «እሱ እኮ ፍሬን አይደለም የሚረግጠው፣ ወይን ነው። ስንቴ ነገርኩት፣ አንዴ አጥብቀህ ረግጠህ ልቀቅ ብዬ።»

ቴዶልዲ አጠገባችን የተጋደሙትን የወለቁ ጎማዎች ያያል፣ ቀና ብሎ መንገዱን ያያል፣ ደግሞ ጎማዎቹን ያያል።

«ጥቀርሻው የለም» አለ በመጨረሻ።

«የምን ጥቀርሻ?» አለው ኤርሜስ።

«የሸራው ዱቄት። እነዚህን ቸርኬዎች ተመልከት፣ እንደ ጭስ ማውጫ ጠቁረዋል። አሁን የታሰሩት ግን ይኸው ስንት ዙር ሄደው ልክ እንደታጠቡ ናቸው።»

«ንጹሕ ከሆኑ ምን አስከፋህ? ለእማዬ ማጠቡ ቀለላት።»

«እኔ ቸርኬ አጥቤ አላውቅም» አልኩ። «ይልቅ ኢንጂነሩ የልጄን እግር ትቶ ስለ ንጽሕና የሚያወራው ምን ሆኖ ነው?»

ቴዶልዲ ወደ እኔ ዞረ። «ወይዘሮ ዲርቼ፣ ዱቄቱ ካልወጣ አየሩ አልወጣም ማለት ነው።»

ይህን ተናግሮ ሳይጨርስ ሎሪስ ወረደ። ኩርባውን ሲጠመዝዝ በፊት ቸርኬው ቀዳዳዎች ውስጥ ዲስኩን አየሁት። ፀሐይ አናት ላይ ናት፣ ያም ሆኖ ቅላቱ ይታያል። በማቅለጫ ቤት ሠላሳ ዓመት የኖረች ሴት ብረት በቀን ብርሃን ሲቀላ ምን ያህል እንደጋለ ማንም አይነግራትም።

«ቱሊዮ፣» አለ ቴዶልዲ፣ «በግራ በኩል ስንት ቁጥርን አሰርክ?»

«አሥራ ዘጠኝን። በቀኝ አሥራ ስምንትን። ጎዶሎ ግራ፣ ሙሉ ቀኝ። እንደተባልኩት።»

ኤርሜስ የያዘውን ጨርቅ ጣለ። «ከአሥራ ስድስት በኋላ ይገለበጣል» አለ።

«ምኑ ነው የሚገለበጠው?»

«ግራና ቀኙ። አሥራ ሰባት የለማ። አሥራ ሰባት መሆን የነበረበት ግራ አሥራ ስምንት ተባለ፣ ከዚያ ወዲያ ሙሉው ግራ ነው። ቤት ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም።»

«እኔ አላውቅም» አለ ቱሊዮ። ድምፁ የሕፃን ሆነ።

«አሥራ ሰባት የት ሄደ?» አለ ቴዶልዲ።

«እኛ ቤት አልገባም» አልኩት።

እኛ አገር አሥራ ሰባት የሬሳ ቁጥር ነው። የቤቱ በር ላይ የማይጽፈው አለ፤ በእሽቅድምድም መኪና ላይ ማንም አይለጥፈውም። ኦሬስቴ በሕይወት ሳለ ያን ቁጥር የተመታበት ዕቃ ከምድጃችን አልወጣም፣ ከሞተም በኋላ አላስወጣሁም። ቶሪኖ ውስጥ ይሄ አይታወቅም ካሉኝ ቶሪኖ የራሷ ጉዳይ። ጥፋቱ የቁጥሩ አይደለም፤ ለአዲስ ሰው ግማሽ ነገር ነግሮ ሥራ የሚሰጥ ሰው ጥፋት ነው። ኤርሜስም ያን አውቆታል፤ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር።

«ግባ በሉት» አለ ቴዶልዲ። «ሁለቱን እናቀያይራቸዋለን። አሁኑኑ።»

ኤርሜስ ለነጂው ምልክት የምናሳይበት ሰሌዳ ላይ በጠመኔ «ግባ» ብሎ ጽፎ መንገዱ ዳር ቆመ። ሎሪስ መጣ። መኪናዋ ክፍት ስለሆነች ከወገቡ በላይ ይታየኛል፤ ትከሻው ከፍ ዝቅ ይላል። ፔዳሉን እንደ ውኃ ፓምፕ እየደጋገመ ይረግጣል። ሰሌዳውን ዞር ብሎ አላየም። አለፈ።

«ዐይን የለውም እንዴ?» አለ ቱሊዮ።

«ዐይኑ እግሩ ጋ ነው» አለ ቴዶልዲ። «ከኩርባው ሲወጣ መኪናዋን ማስተካከል እንጂ ዳር ማየት አይችልም። ቀና ብሎ የሚያየው ፍሬን የሚይዝበትን ምልክት ብቻ ነው። እሱም ከላይ ነው፣ ሾላው ዛፍ ጋ።»

ወንዶቹ ክሪክና መዶሻ ይዘው መጠበቅ አለባቸው። ሰሌዳውን ከኤርሜስ እጅ መነጨቅኩ።

«እማዬ፣ ወዴት ነው? መንገድ ላይ መውጣት ክልክል ነው።»

«የከለከለውን ሰው ወደ እናትህ ላከው» አልኩና በወፍጮው ጓሮ አቋርጬ ወጣሁ። ጉልበቴ ያኔም ጉልበት አልነበረም።

ሾላው ጋ ባንዲራ ያዡ ፕሪሞ ቆሟል፤ የመንደራችን አናጢ ነው።

«እትዬ ዲርቼ፣ ይመለሱ። እዚህ ሰው አይቆምም።»

«አንተ ታዲያ ምንድነህ?»

«እኔ ባንዲራ አለኝ።»

«እኔም ሰሌዳ አለኝ። ፕሪሞ፣ የሠራህልኝ ቁም ሣጥን በሩ እስከ ዛሬ አይዘጋም፣ አንተ ነህ መንገድ የምትዘጋብኝ? ሎሪስ ፍሬን የለውም።»

ያን ጊዜ ከላይ የመኪናዋን ድምፅ ሰማሁ። ሾላው ጋ ሳይደርስ፣ ገና የወይን እርሻው በር አጠገብ ሳለ ማርሹ ወረደ፣ እንደገና ወረደ፣ ሞተሩ አለቀሰ። ፔዳሉ ስለከዳው በማርሽ ነው የሚያቆማት፣ ምልክቱንም ወደ ላይ አውጥቶታል። እኛ አጠገብ ሲደርስ ፊቱ ወደ ኩርባው ተተክሏል፤ ሰሌዳውን ብወረውርበት አያየኝም። ታች ሲደርስ የኋላዋ ጭዱን ገረፈው፣ ጭድ እንደ ዶሮ ላባ ተበተነ፣ እሱ ግን ወጣ።

«በሚቀጥለው አያልፍም» አለ ፕሪሞ ቀስ ብሎ።

«ዝም በል» አልኩትና ወደ ላይ መውጣት ጀመርኩ።

ሌሎቹ መኪኖች በጎኔ ያልፋሉ፣ ነፋሳቸው ቀሚሴን ይገልበዋል። ፕሪሞ ከኋላዬ ቢጫውን ባንዲራ እያውለበለበ ይከተለኛል፣ ደግሞ ይሳደባል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ሆኖ አገኘሁት። ደረቴ እንደ ወናፍ ይነፋል። እግሬን ሳይሆን ጆሮዬን ነበር የማዳምጠው፤ የሎሪስ ሞተር ከሌላው ይለያል፣ ትንሽ ያስላል። የወይን እርሻው በር ጋ ደርሼ የድንጋይ ምሰሶውን ተደግፌ ሰሌዳውን ከራሴ በላይ ሳነሣ ያ ሳል ከላይ መጣ።

እስከ ፊቴ ድረስ አልቀነሰም። ከዚያ ቀና አለና አየኝ። እንዳየኝ ያወቅሁት አፉ ሲንቀሳቀስ ነው፤ ለእናት የማይባል ነገር እንዳለ ዛሬም እምላለሁ። አለፈኝ። ማርሹን ወደ ታች ወረወረው፣ ወደ ታች፣ ወደ ታች። የእጅ ፍሬኑን ሳይቀር ሳበ መሰለኝ፣ የኋላ ጎማዎቹ ጨሱ። ኩርባው ጋ ሲደርስ መኪናዋን ቀጥ አድርጎ ከመስደድ ይልቅ አግድም አዞራት፤ በጎኗ ተንሸራታ የጭዱን ረድፍ እየላሰች ሄደችና ዳገቱን ይዛ ከዐይኔ ተሰወረች። ግድግዳው እንደቆመ ነው። እኔ መቀመጥ ፈልጌ ነበር፤ አልተቀመጥኩም፣ ፕሪሞ እያየኝ ነበር።

ወርጄ ስደርስ መኪናዋ ክሪክ ላይ ናት። ሎሪስ መሪውን እንደጨበጠ ተቀምጧል፣ ከፊት ጎማዎቹ የሚወጣው ሽታ ዐይን ያቃጥላል።

«እማዬን መንገድ ላይ ያወጣት ማነው?» ይላል። «ማነው?»

«እናትህን ማንም አያወጣም፣ ራሷ ነው የምትወጣው» አለ ኤርሜስ ዳዶውን እየደበደበ።

ጎማው ሲወጣ ዲስኩ ተገለጠ፤ እንደ ፍም ነው። ቱሊዮ ደንግጦ የውኃ ባልዲ አነሣ። ቴዶልዲ ክንዱን ያዘው። «ከደፋህበት ይሰነጠቃል። አየር ነው የሚያስፈልገው።» አሥራ ስምንትን ወደ ግራ፣ አሥራ ዘጠኝን ወደ ቀኝ አዞሯቸው። ከዚያ ኤርሜስ መኪናዋ ሥር ተኝቶ የፈላውን ዘይት አስተነፈሰ፤ ቱሊዮ ከላይ አዲስ ይሞላል፣ ሎሪስ ይረግጣል፣ ይለቃል፣ ይረግጣል።

«ጠነከረ?» ይላል ኤርሜስ ከሥር።

«ትንሽ።»

«ትንሽ ማለት ምን ማለት ነው?»

«ትንሽ ማለት ትንሽ ነው፣ ምን ልበልህ።»

«ውረድ» አልኩት ሎሪስን።

ሎሪስ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ቴዶልዲ ዞረ። «ይይዛል?»

«የመጀመሪያውን ዙር አትመነው» አለ ቴዶልዲ። «በማርሽ ብቻ ውረድ፣ ቸርኬው ሙቀቱን ያውጣው። ከሁለተኛው ጀምሮ ይይዛል።»

«አንተ ቶሪኖ ሄደህ ሾርባህን ትጠጣለህ፣» አልኩት፣ «እኔ ነኝ የምቀብረው። ቃልህ ለእኔ ምኔ ነው?»

ቴዶልዲ ጫማውን አየ። «ልክ ነው» አለ። «ቃል ምንም አይደለም። እኔ እዚያ ግድግዳው ጋ እቆማለሁ።»

«የት?»

«ከጭዱ ኋላ። ካልያዘለት የሚሄድበት ቦታ።»

መልስ አልጠበቀም። ኮቱን አውልቆ ለቱሊዮ ሰጠው፣ ሸሚዙን እንደለበሰ ወደ ኩርባው ሄደ። ሎሪስ ኋላውን አየው፣ ከዚያ መነጽሩን አወረደ። «ክሪኩን አውርዱ» አለ።

መከልከል እችል ነበር። ከመኪናዋ ፊት ብቆም አይረግጠኝም። ግን ያ ከሲታ ሰው በሸሚዝ ብቻ ወደ ድንጋይ ግድግዳ ሲሄድ አየሁትና ተናደድኩ። የራሴን ልጅ አምኜ ልቆምበት የማልደፍረው ቦታ ላይ የቶሪኖ ሰው ቆሞ እኔ ከጥላ ሥር ላየው? ተከትዬው ሄድኩ።

ከጭዱ ኋላ ግድግዳው ዠርባችንን ይነካል። ድንጋዩ ፀሐይ ጠጥቶ ሞቋል።

«ይሂዱ፣ ወይዘሮ» አለኝ።

«ቦታው የአባትህ ነው?»

ሁለተኛ አልጠየቀኝም። ፕሪሞ ከማዶ ሁለታችንንም እንድንወጣ በባንዲራው ይጠቁማል፤ እንዳላየ ሆንን።

በመጀመሪያው ዙር ሎሪስ እንደ ወተት ጋሪ ቀስ ብሎ ወረደ። ሁለት መኪኖች ቀደሙት። ሲያልፈን ዞር ብሎ አየን፣ ራሱን ነቀነቀ፤ ለማን እንደነቀነቀ አላውቅም። የፊት ቸርኬዎቹ ግን ፊታቸው ጠቋቁሯል። ቴዶልዲ በጣቱ አሳየኝ።

«አይቻለሁ» አልኩት።

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ሌሎች ወረዱ፣ ጮኹ፣ ታጠፉ፣ ሄዱ። በየመሃሉ ጸጥ ሲል ወፍጮው ሥር ያለው ውኃ ይሰማል። ቴዶልዲ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል፤ ይጸልይ ወይም ያሰላ እንደሆነ አልጠየቅሁትም። እኔ አልጸለይኩም። የምጸልየው ቤቴ ነው፣ ሰው በማያየኝ ቦታ።

ያ ሳል ከተራራው ጫፍ ተሰማ። ወረደ። ወይን እርሻው በር ጋ ደረሰ፣ አልቀነሰም። ቴዶልዲ መተንፈስ አቆመ፤ ጎኔ ስለሆነ ይታወቀኛል። መኪናዋ ቁልቁል ቀጥታ ወደ እኛ ትመጣለች፤ ከታች ሆነህ ስታያት አፍንጫዋ ብቻ ነው የሚታይህ፣ እየሰፋች ትሄዳለች እንጂ የምትሮጥ አትመስልም። እግሬ ልሂድ አለኝ። አልፈቀድኩለትም። የሎሪስን መነጽር አየሁት፣ ከመነጽሩ ኋላ ያለውን ግን አላየሁም።

ከዚያ አፍንጫዋ መሬት ነካ። እንዲያ ነው የምትመስለው፣ ፍሬን በደንብ ሲይዝ መኪና ፊቷን ትደፋለች። አራቱም ጎማዎች መንገዱን ነከሱ፣ ከፊት ቸርኬዎቹ ጥቁር ትንፋሽ በግራና በቀኝ ወጣ፣ መኪናዋ ከጭዱ የአንድ አልጋ ርዝመት ሲቀራት ታጥፋ ሄደች። ነፋሷና የሸራው ዱቄት ፊታችንን መታን።

ከዚያ በኋላ ነው ክንዴ ላይ ሕመም የተሰማኝ። ቴዶልዲ በሁለት እጁ ጨብጦኝ ኖሯል፤ ጥፍሩ ሥጋዬ ውስጥ ገብቷል።

«ልቀቀኝ» አልኩት። «ያመኛል።»

ለቀቀኝ፣ ይቅርታም ጠየቀ። የማንሄድ መሆናችንን ሲያውቅ ፕሪሞ ባንዲራውን አወረደ፤ እኛም ቀጣዩን ዙር እዚያው ቆመን ጠበቅን።